የመጋዘን ሥራን በሶፍትዌር መለካት፦ ለባሕር ዳር መጋዘኖች የአሠራር መመሪያ

ባሕር ዳር ላይ መጋዘን የሚያስተዳድር ሰው ደጋግሞ የሚያነሳው ጥያቄ አለ። ስምንት ጫኝና አውራጅ እያለኝ አንድ ተሳቢ ለማራገፍ ግማሽ ቀን ለምን ይፈጃል? የፎገራ ሩዝም ይሁን በጎንደር በኩል የመጣ የመተማ ሰሊጥ፣ ከአዲስ አበባ የሚገባ ዘይትም ይሁን ሲሚንቶ፣ እዚህ አብዛኛው ጭነት የሚወርደው በሰው ትከሻ ነው። የሰው ሰዓት ሲባክን ኪራዩም፣ የመኪናው ቆይታም፣ የደንበኛው ትዕግሥትም አብሮ ይባክናል።

ይህን የሚለኩ ሶፍትዌሮች አሉ። ማን ምን ሥራ ላይ እንደዋለ፣ ስንት ኩንታል ወይም ስንት ካርቶን እንዳነሳ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀበት ይመዘግባሉ። ከዚያ ሥራው ሊፈጅ ይገባው ከነበረው ጊዜ ጋር ያስተያዩታል። ዋናው ነገር ይኸው ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ሶፍትዌሩ ሰነፍ ለመያዝ ከተገዛ ገንዘቡ ውኃ በላው። መጋዘን ውስጥ ሰዓት የሚጠፋው በአብዛኛው ሠራተኛው ፈዞ ሳይሆን ቆሞ እየጠበቀ ነው። ሰነድ ይጠብቃል። ቁልፍ የያዘውን ሰው ይጠብቃል። ዝናብ እስኪያባራ ይጠብቃል። መንገድ ላይ የቀረ መኪና ይጠብቃል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ይህን ጥበቃ በቁጥር ለማውጣት የተሰናዱ ናቸው። ለሠራተኛው ፍጥነት የምትደርሱት ከዚያ በኋላ ነው።

ደረጃ 1፦ ሥራውን በወረቀት ዘርዝሩ

ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት ከመጋዘኑ በር ላይ አንድ ሙሉ ቀን ቁሙ። ሰው የሚሠራውን ሁሉ ጻፉ። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ዝርዝር ይህን ይመስላል፦ ማውረድ፣ መደርደር፣ ለትእዛዝ መልቀም፣ መጫን፣ ቆጠራ፣ የተቀደደ ጆንያ መስፋትና መገልበጥ፣ ጽዳት።

ዝርዝሩን ለሁለት ክፈሉት። አንደኛው በኩንታል ወይም በካርቶን የሚቆጠር ሥራ ነው። ሁለተኛው የማይቆጠር ግን የግድ የሚሠራ ነው፤ ጽዳትና ስብሰባ እዚህ ይገባሉ። ሦስተኛ ዓምድ ደግሞ ለጥበቃ ክፈቱ። ጥበቃን ከጽዳት ጋር አትቀላቅሉት። ከተቀላቀለ ምንም አይታይም።

ለእያንዳንዱ አጭር ቁጥር ስጡት። የሥራውም የጥበቃውም ቁጥር ተደምሮ ከአሥራ አምስት ባይበልጥ ይመረጣል። ሠላሳ ዓይነት ኮድ ያለው ፎርም በር ላይ ቆሞ የሚሞላው ሰው የለም፤ ቸኩሎ የመጀመሪያውን ይጫንና ያልፋል።

ደረጃ 2፦ ሰዓት ያዙ፣ ግን መጀመሪያ ተነጋገሩ

ስልክ ይዞ ሰው አጠገብ ቆሞ ሰዓት የሚቆጥር አለቃ ወሬ ያስነሳል። "ሊቀንሱን ነው" የሚለው ወሬ ከሰዓት በፊት መጋዘኑን ይዞራል። ስለዚህ ካቦውንና ሠራተኞቹን ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ሰብስቡ። ምን እንደምትለኩ፣ ለምን እንደምትለኩ፣ በዚህ ልኬት ማንም ደመወዙ እንደማይነካ ተናገሩ። የተናገራችሁትን በጽሑፍ አድርጉና በር ላይ ለጥፉት። ካቦው በዕድሜ የገፋ ከሆነ ደግሞ ቀድማችሁ ለብቻው አማክሩት። "ጋሼ፣ ይህን ነገር እንዴት ብናደርገው ይሻላል?" ብሎ መጠየቅ ብዙ ነገር ያቀላል። መልሱም ጥሩ ነው፤ የትኛው ቁልል አስቸጋሪ እንደሆነ፣ የትኛው ሾፌር ሸራውን ሳይፈታ እንደሚቆም ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

የምትይዙት ሰዓት የአንድ ቀን አይሁን። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይፍጅ። ጠዋትም ከሰዓት በኋላም ያዙ። ጎበዙን ብቻ መርጣችሁ አትለኩ። መሐል ላይ ያለውን፣ ቀኑን ሙሉ በእኩል እርምጃ የሚሠራውን ሰው ተከተሉ። በፈጣኑ ሰው ልክ የተሠራ ስታንዳርድ (ሥራው ሊፈጅ የሚገባው ጊዜ) ሌላውን ሁሉ ሰነፍ ያስመስላል። ፈጣኑም ቢሆን ያንን ፍጥነት ዓመቱን ሙሉ አይዘልቅበትም።

እያንዳንዱ ልኬት ላይ አራት ነገር ጻፉ፦ የሰው ብዛት፣ የጭነት ብዛት፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት፣ መሐል ላይ የቆመበት ጊዜ ከነምክንያቱ።

ደረጃ 3፦ ስታንዳርድ አውጡ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። የሶፍትዌሩ ሪፖርት ሁሉ የሚቆመው በዚህ ቁጥር ላይ ነው።

በምሳሌ እንሂድ። ብዙ መኪና ለክታችሁ በአማካይ አንድ ሰው አንድ ኩንታል አውርዶ ለመደርደር 3 ደቂቃ ወሰደበት እንበል። ይህ የጠራ የሥራ ጊዜ ነው፤ ጥበቃው ወጥቶለታል። ይህን ቁጥር እንዳለ ስታንዳርድ አታድርጉት። ሰው ውኃ ይጠጣል፣ ሽንት ቤት ይሄዳል፣ ይደክመዋል። በሙያው የተለመደው ከ10 እስከ 15 በመቶ መጨመር ነው። ለከባድ ሸክም ከዚያም በላይ ያስፈልጋል። 15 በመቶ ብንጨምር 3.45 ደቂቃ ይሆናል። በሰዓት ሲሰላ ለአንድ ሰው ከ17 ኩንታል ትንሽ ከፍ ይላል።

የዕረፍት ጭማሪውን የሚጠላ ባለቤት አይጠፋም። ነገሩ ግን የቆየ እውቀት ነው። ፍሬድሪክ ቴይለር በ1899 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ቤተልሔም ብረት ፋብሪካ ውስጥ ጥሬ ብረት የሚሸከሙ ሠራተኞችን አጥንቶ ነበር። አንዱ ብረት 42 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ቴይለር ለሠራተኛ ርኅራኄ በማብዛት የሚታማ ሰው አይደለም። እሱም ቢሆን የደረሰበት ውጤት ጠንካራ ሠራተኛ ሸክም ላይ መቆየት የሚችለው ከቀኑ 43 በመቶውን ብቻ ነው የሚል ነው። የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሸከመው መቶ ኪሎ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ ለአንድ አዋቂ ወንድ የሸክም ጣሪያ ያደረገው 55 ኪሎ ነው። ስለዚህ ስታንዳርድ ከማጥበቃችሁ በፊት ከአቅራቢያችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ጆንያውን 50 ኪሎ ማድረግ ይቻል እንደሆነ እዩ። እኔ ብጠየቅ ከየትኛውም ሶፍትዌር በፊት የምሠራው ይህንን ነው።

ሌላው ርቀትና ከፍታ ነው። በሩ ሥር የሚደረደር ኩንታልና መጋዘኑ ጥግ የሚደርስ ኩንታል እኩል አይደሉም። ቁልሉ ከሰው ቁመት ሲያልፍም ከላይ የሚቀበል ሰው ይጨመራል። አራት ስታንዳርድ ይበቃችኋል፦ ቅርብና ዝቅተኛ፣ ቅርብና ከፍተኛ፣ ሩቅና ዝቅተኛ፣ ሩቅና ከፍተኛ። በካርቶን የሚለቀም ዕቃ ካላችሁ ለእሱ ሌላ አውጡ። በልቀማ ብዙውን ጊዜ የሚበላው መራመድ ነውና ከኪሎው ይልቅ በትእዛዙ ውስጥ ያለውን የዕቃ ዓይነት ብዛት ቁጠሩ።

ደረጃ 4፦ ሶፍትዌሩን ምረጡ

ማንሃተን እና ብሉ ዮንደር የተባሉት ኩባንያዎች ለዚሁ ሥራ የተሠራ ትልቅ ሲስተም ይሸጣሉ። መቶዎች ሠራተኞች በየእጃቸው ስካነር ይዘው ለሚሠሩበት ግዙፍ መጋዘን የታሰበ ነው። ሃያ ሰው ለሚሠራበት መጋዘን አይሆንም። ለእኛ የሚሆኑት ሦስት መንገዶች ናቸው።

አንደኛው ኤክሴል ነው። ቢን ካርድ (የዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገቢያ ካርድ) ለሚሞላ መጋዘን ከዚህ መጀመር አያሳፍርም። ጉዳቱ መዝጋቢው ሰዓቱን በእጁ መጻፉ ነው። ማታ ላይ ቁጭ ብሎ በግምት የሚሞላ ከሆነ ሪፖርቱ ልብ ወለድ ይሆናል።

ሁለተኛው ኮቦ ቱልቦክስ ነው። የመስክ መረጃ ለመሰብሰብ የተሠራ ቢሆንም ለዚህ ሥራ ግሩም ነው። የአንድሮይድ ስልክ ላይ ይጫናል። ፎርሙን በአማርኛ ማዘጋጀት ይቻላል። ፎርሙ ሲከፈትና ሲያልቅ ሰዓቱን ራሱ ይመዘግባል። ባርኮድም ያነባል። ከሁሉም በላይ ያለ ኔት ይሠራል፤ ኔት ሲመጣ የተጠራቀመውን ይልካል። ኔት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለአብዛኛው የባሕር ዳር መጋዘን እኔ የምመክረው ይህን ነው። መረጃው በስልክ ተይዞ በኤክሴል ይተነተናል።

ሦስተኛው እንደ ኦዱ ወይም ኢአርፒኔክስት ያለ ሙሉ ሲስተም ነው። ክምችቱንም፣ ሽያጩንም፣ የሰው ሰዓቱንም አንድ ላይ ይይዛል። ሁለቱም ነፃ እትም አላቸው። ኦዱ ላይ ግን የባርኮድ መተግበሪያው የሚገኘው በሚከፈልበት እትም ነው። ነፃው ሲስተምም ቢሆን የሚያቆመውና የሚጠግነው ሰው ይፈልጋል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ምሩቃን እዚሁ ከተማ ውስጥ ስላሉ ሰው ማግኘቱ አይከብድም። ውሉ ውስጥ ግን ከተከላው በኋላ የሚሰጠው ጥገና ይጻፍ። ተክሎ የጠፋ ባለሙያ ብዙ ነው።

ሻጭ ሲመጣ እነዚህን ጠይቁት። ኔት ሲጠፋ ምን ይሆናል? መብራት ሲጠፋስ? በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ፈልጎ ያገኛል? ክፍያው በዶላር ነው በብር? ብተወው መረጃዬን በኤክሴል ይዤ መውጣት እችላለሁ? ከሁሉም በላይ ግን በቡድን የሚሠራ ሥራን ይመዘግባል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ውጭ አገር የተሠሩት ብዙዎቹ አንድ ሰው አንድ ሥራ ብለው የሚያስቡ ናቸው። እኛ ጋ አንድ ተሳቢ የሚራገፈው በስምንት ሰው ነው፤ ሁለቱ መኪና ላይ ሆነው ያሸክማሉ፣ አምስቱ ይመላለሳሉ፣ አንዱ ቁልል ላይ ይቀበላል። የሚያሸክሙት ሁለቱ "ዜሮ ኩንታል" ተብለው የሚወጡበት ሲስተም አይጠቅማችሁም።

ደረጃ 5፦ ሰዓቱንና ቀኑን አስተካክሉ

ይህን ያልነገሩን የውጭ መመሪያዎች ናቸው፤ ብዙ ሪፖርት የሚበላሸው ግን እዚህ ላይ ነው።

አንድ ቡድን ሥራ የጀመረው 11፡30 ላይ፣ የጨረሰው ምሽት 1፡00 ላይ ነው እንበል። የሠራው አንድ ሰዓት ተኩል ነው። መዝጋቢው በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ሁለቱን ቁጥር ኤክሴል ላይ ቢያስገባና ቢቀናንስ ኤክሴል የሚያገኘው ከዜሮ በታች ነው። ሕዋሱን በመሰላል ምልክት (####) ይሞላዋል። ጠዋት 12፡30 ተጀምሮ 2፡00 ያለቀ ሥራም እንደዚያው ነው። መሰላሉ ቢያንስ ስህተት እንዳለ ይናገራል። የባሰው አንዱ መዝጋቢ ጠዋት 2፡00 ብሎ ሲጽፍ ሌላው ያንኑ ሰዓት 8፡00 ብሎ ሲጽፍ ነው። ያኔ ቁጥሩ ትክክል ይመስላል፤ ስድስት ሰዓት ግን ከየትም መጣ።

ሌላም አለ። ብዙ ሰው ስልኩ በሐበሻ ሰዓት እንዲያሳየው ብሎ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። በዚህ ስልክ ፎርም ከተሞላ ራሱ የሚመዘግበው ሰዓት ሁሉ ስህተት ነው።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ለመጋዘኑ ሥራ ብቻ የሚውል ስልክ ይኑር። የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ ይሁን፤ ሰዓቱም ከኔትወርክ ራሱ እንዲወስድ አድርጉት። መረጃው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይቀመጥ። ሪፖርቱ ላይ ግን ስድስት ሰዓት ቀንሳችሁ በእኛ ሰዓት አሳዩ፤ ካቦው የሚያነበው እሱን ነው። መዝጋቢው ሰዓት በእጁ እንዲጽፍ ፈጽሞ አታድርጉ፤ ቁልፍ ይጫን፣ ሰዓቱን ስልኩ ይጻፈው።

የሌሊት ፈረቃ ካለ ሥራውን ለተጀመረበት ቀን አስመዝግቡ። አለበለዚያ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ስልኩ ቀን ይቀይርና የአንድ ቡድን ሥራ ለሁለት ቀን ይከፈላል።

ደመወዝ በኢትዮጵያ ወር የምትከፍሉ ከሆነ የቀን ማመሳከሪያ ሰንጠረዥ አንዴ አዘጋጁ። እያንዳንዱ የፈረንጅ ቀን ከእኛው ቀን ጋር ይቀመጥ። ጳጉሜንን ለብቻዋ ወር አድርጉ። ነሐሴ ላይ ከተደረበች የነሐሴ የሥራ መጠን ያለ አግባብ ከፍ ብሎ ይታያል።

ደረጃ 6፦ ሰውና ዕቃ መዝግቡ

ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ቁጥር ስጡ። ስም ብቻ አይበቃም። አንዱ መዝጋቢ ፀሐይ ይላል፣ ሌላው ጸሀይ ይላል፤ ለሶፍትዌሩ ሁለት ሰው ናቸው። ኃይሌና ሀይሌም እንደዚሁ። ቁጥሩን በኪውአር ኮድ አሳትማችሁ በፕላስቲክ አሽጉና አንገት ላይ ይንጠልጠል። ሸክም ላይ ገመዱ ከያዘ አደጋ አለውና በሚላቀቅ ገመድ ይሁን፤ ካልተገኘ ሁሉንም ባጅ በር ላይ ባለ ሰሌዳ ስቀሉት፤ መዝጋቢው ከዚያ እያነበበ ያስገባ።

የጣት አሻራ ማሽን ልትገዙ ከሆነ ቆም በሉ። ዓመታት ጆንያ የተሸከመ፣ ሲሚንቶ የነካ ሰው ጣቱ ይላጋል። ማሽኑ አያነበውም። ጠዋት ጠዋት ሰልፉ ይረዝማል፤ ያነበበለት ገባ፣ ያላነበበለት ቀሪ ተባለ፣ ጠብ ተነሳ።

ዕቃውን በተመለከተ ለእያንዳንዱ ዓይነት ክብደቱን፣ አስተሻሸጉንና የሚቀመጥበትን ቦታ አስገቡ። የቦታው ኮድ በቀለም ግድግዳው ላይ ይጻፍ። ወረቀት የተለጠፈ እንደሆነ ክረምት ላይ ርጥበቱ ያወርደዋል።

ደረጃ 7፦ በር ላይ የሚመዘገበው

ፎርሙን አጭር አድርጉት። ለአንድ መኪና አምስት ጊዜ ብቻ ቁልፍ ይጫናል፦ መኪናው ግቢ ሲገባ፣ ሰነዱ ሲያልቅ፣ የመጀመሪያው ጆንያ ሲወርድ፣ የመጨረሻው ሲወርድ፣ መኪናው ሲወጣ።

በተግባር እንየው። ተሳቢው 2፡10 ግቢ ገባ። መዝጋቢዋ "ገባ" የሚለውን ተጫነች። ሾፌሩ የጉዞ ሰነዱን ይዞ ቢሮ ሄደ። ሂሳብ ሹሙ ገና አልመጣም። ስምንቱ ሰዎች ጥላ ሥር ተቀመጡ። 2፡55 ላይ ሰነዱ ተፈረመ፤ "ሰነድ አለቀ" ተጫነች። ረዳቱ ሸራውን መፍታት ጀመረ፤ ገመዱ በዝናብ ረጥቦ ጠብቋል። የመጀመሪያው ጆንያ 3፡25 ወረደ። ይህች የሰዓት ከሩብ ጥበቃ በየትኛውም የወረቀት መዝገብ ላይ አትገኝም። የገቢ ደረሰኙ ላይ ያለው ቀኑና 400 ኩንታል የሚለው ቁጥር ብቻ ነው።

የጥበቃ ምክንያት ከዝርዝር ይመረጥ፦ ሰነድ፣ ቁልፍ፣ ሸራ፣ ዝናብ፣ መብራት፣ ቦታ ሞልቷል፣ ሰው ጎድሏል። "ሌላ" የሚል ምርጫ ካስቀመጣችሁ ከጎኑ አጭር ጽሑፍ አስገዳጅ አድርጉ።

ማን ይመዝግብ? ካቦው ባይሆን ይመረጣል። እሱ ሥራው ሰው ማስተባበር ነው፤ ዓይኑ ስልክ ላይ ከሆነ ቁልል ይናዳል። በር ላይ የምትቆጥረው ልጅ ወይም ስቶር ኪፐሩ ይሻላሉ። ስልኩ በትርፍ ባትሪ ይደገፍ። ኮዶቹ የታተሙበት የወረቀት ፎርምም ሁልጊዜ ይኑር፤ ስልኩ የተሰበረ ቀን ሥራ አይቆምም።

የተቀደደ ጆንያና የፈሰሰ ዘይትም በዚያው ፎርም ይቆጠር። የተጎዳ ሰው ካለም ይመዝገብ። ፍጥነት ብቻ የሚታይበት ሪፖርት ሰውን ወደ ጥድፊያ ይገፋል፤ ወገብም ጆንያም የሚጎዳው ያኔ ነው።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያው ወር፣ ሪፖርቱን ማንበብ

ሪፖርቱ ላይ ሁለት ቁጥር ይበቃል። አንደኛው አፈጻጸም ነው፤ ሥራው በስታንዳርድ ሊፈጅ የሚገባው የሰው ሰዓት ለፈጀው የጠራ የሰው ሰዓት ሲካፈል ይገኛል። ሁለተኛው የሰዓት አጠቃቀም ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው ሰዓት ለተገኘው ጠቅላላ ሰዓት ይካፈላል።

ያንን ተሳቢ እናስላው። 400 ኩንታል በ3.45 ደቂቃ ሲባዛ 1,380 ደቂቃ ነው፤ 23 የሰው ሰዓት። ስምንቱ ሰዎች ከ3፡25 እስከ 6፡10 አራገፉት እንበል። ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ በስምንት ሲባዛ 22 የሰው ሰዓት ይሆናል። አፈጻጸማቸው 23 ለ22 ነው፤ ወደ 105 በመቶ ይጠጋል። ጎበዞች ናቸው። ነገር ግን ከ2፡10 ጀምሮ እዚያው ነበሩ። ጠቅላላው አራት ሰዓት በስምንት፣ 32 የሰው ሰዓት ነው። አጠቃቀሙ 69 በመቶ ገደማ። አሥር የሰው ሰዓት ቢሮውና ሸራው በሉት።

አለቃው በዓይኑ ብቻ ቢመዝን ኖሮ የሚያየው ጥላ ሥር የተቀመጡ ስምንት ሰዎችን ነው። ለዚህ ነው ሁለቱ ቁጥሮች ተነጥለው መታየት ያለባቸው። አንድ ላይ ከተደፈጠጡ 400 ለ32፣ በሰዓት 12.5 ኩንታል ብቻ ይታያል፤ ጥፋቱም በጫኝና አውራጁ ይላከካል።

በየሳምንቱ የጥበቃ ምክንያቶችን ከትልቁ ጀምራችሁ ደርድሩ። የመጀመሪያውን ብቻ ውሰዱና አስተካክሉ። ሰነድ ከሆነ አቅራቢው ማታውኑ ፎቶውን በቴሌግራም ይላክላችሁና ሂሳብ ሹሙ አስቀድሞ ያዘጋጀው። ቁልፍ ከሆነ ሁለተኛ ቁልፍ ያዥ ይወከል። ሸራ ከሆነ ረዳቱ ሰነዱ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ሲገባ እንዲፈታ አድርጉ። ዝናብ ከሆነ በሩ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ይውጣለት፤ ሐምሌና ነሐሴ ባሕር ዳር ላይ እንዴት እንደሚዘንብ ለናንተ አይነገርም።

ደረጃ 9፦ ክፍያና ሕግ

አብዛኛው ጫኝና አውራጅ የማኅበር አባል ነው፤ የሚከፈለውም በኩንታል ነው። ከእነሱ ጋር ስትሠሩ የግለሰብ አፈጻጸም የመለካት ጥያቄ አታንሱ። የመኪናውን ቆይታ ለኩ፤ ውጤቱንም ለማኅበሩ ኃላፊዎች አሳዩ። በእናንተ ምክንያት ለጠፋው የጥበቃ ሰዓት የሚከፈል ነገር ቢኖር ደግሞ ፍትሐዊ ነው። ቢሮውም ያኔ ይነቃል።

ቋሚ ሠራተኞች ካሏችሁና ከስታንዳርድ በላይ ለሠራ ጉርሻ ልትሰጡ ካሰባችሁ በቡድን ስጡ። ያሸከመውም የተሸከመውም እኩል ያግኝ። አንድ ነገር ግን አደራ። ሰዎቹ ጉርሻ በዝቶ ሲያገኙ ስታንዳርዱን አታጥብቁ። አንዴ ከተደረገ ማንም ሁለተኛ በሙሉ ኃይሉ አይሠራም፤ ትክክልም ነው። ስታንዳርድ የሚቀየረው አሠራሩ ሲቀየር ብቻ ነው፤ ጋሪ ሲገዛ፣ ቁልል ሲዛወር፣ ጆንያው ሲቀንስ።

ሶፍትዌሩ የሥራ ሰዓት ስለሚይዝ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውስጥ ያሉትን ገደቦች አስገቡበት። መደበኛው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ክፍያው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል ቀን 2.5 እጥፍ ነው። ሰው ወደ ገደቡ ሲጠጋ ሪፖርቱ ላይ በቀይ ይውጣ።

የሠራተኛው መረጃ የእሱ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰበሰባችሁትን ለተናገራችሁለት ዓላማ ብቻ ተጠቀሙበት፤ ሰውየው ስለራሱ የተመዘገበውን ማየት ሲፈልግ አሳዩት። የሠራተኞችን ስም በደረጃ ደርድሮ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍ ፈጽሞ አይደረግም። አንድ ሰው ከወረደ ለብቻው ጠርታችሁ ጠይቁት። አሞት ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 10፦ ወቅት ሲቀየር

በጥር ተለክቶ የወጣ ስታንዳርድ ለሚያዝያ አይሆንም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው ሙቀት ከባድ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ያልቀመሰ ሰው መቶ ኪሎ ይሸከማል። ረመዳን ላይም ጾመኛው ውኃ እንኳ አይጠጣም። በእነዚህ ጊዜያት ከባዱን ሥራ ወደ ጠዋት አምጡት። ቆጠራና ጽዳት ከሰዓት ይሁን። የዕረፍት ጭማሪውንም ከፍ አድርጉ፤ 15 የነበረውን 20 ብታደርጉት የሚጎዳችሁ ነገር የለም። ሠራተኞቹን ጠይቃችሁ አብራችሁ ወስኑት።

ክረምት ላይ ደግሞ መሬቱ ያንሸራትታል፤ ሳንቃው ይረጥባል። እዚያ ላይ ማንም እንዲፈጥን አይጠበቅም። መኸሩ ሲገባ፣ ከኅዳር ጀምሮ፣ ሰሊጡና እህሉ አንድ ላይ ይመጣል። ያኔ የጎላው ጥያቄ ስንት ሰው ልቅጠር የሚለው ነው። ባለፈው ዓመት በዚያ ሳምንት ስንት ኩንታል እንደገባ ካላችሁ በስታንዳርዱ አባዙት፤ የሚያስፈልገው የሰው ሰዓት ይወጣል። ከላዩ ላይ የተለመደውን ጥበቃ ጨምሩ።

አዲስ ስታንዳርድ ስታስገቡ የቀድሞውን አትሰርዙት። ያበቃበትን ቀን ጻፉበትና አዲሱን ከሚጀምርበት ቀን ጋር ከሥሩ አስገቡ። ከሰረዛችሁት ሶፍትዌሩ የየካቲትን ሥራ በሐምሌ ስታንዳርድ ያሰላዋል፤ ያኔ የተከፈለ ጉርሻም ስህተት መስሎ ይታያል።